የክረምት መብረቅና የቮልቴጅ መዋዠቅ፦ የቤት ዕቃዎችን ከቃጠሎ የመታደግ ጉዳይ

የክረምት ወራት በመጡ ቁጥር መብረቅ ይበረክታል፤ የኤሌክትሪክ መቆራረጥም ይደጋገማል። በብዙ ድካም የተገዛ ቴሌቪዥን ወይም ማቀዝቀዣ በቅጽበት ሲቃጠል ግን «መብራቱ ብልጭ ብሎ ሄደ» ከማለት ባለፈ ምክንያቱ እምብዛም አይመረመርም። የጉዳቱ ምንጮች የተለያዩ እንደመሆናቸው መከላከያቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ምንጭ መብረቅ ነው። መብረቅ ቤቱን በቀጥታ ባይመታም፣ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወይም በአቅራቢያው ሲወርድ ከፍተኛ ቮልቴጅ በሽቦው አማካኝነት ወደ ቤት ይገባል። የዲሽና የስልክ ገመዶችም መግቢያ ይሆናሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ በቂ ስላልሆነ፣ ነጎድጓዱ ከመቃረቡ አስቀድሞ ሶኬቱንና የዲሽ ገመዱን መንቀል ይገባል። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዶቹን መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚከሰት መዋዠቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ዕቃዎችን መንቀልና ኃይሉ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ በየተራ መሰካት፣ በተለይም ማቀዝቀዣን ከጉዳት ይጠብቃል።

ሦስተኛውና ብዙም የማይታወቀው የኒውትራል መስመር መበጠስ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ቮልቴጅ 220 ሲሆን፣ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ግን 380 ነው። ኒውትራል ሲበጠስ በአንዳንድ ቤቶች ቮልቴጁ ሲወርድ በሌሎች ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አምፖሎች ያለወትሮው ሲፈዝዙ ወይም ከመጠን በላይ ሲደምቁ ዋናውን ብሬከር ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል።

በገበያ የሚሸጡ መሣሪያዎችን አገልግሎት ለይቶ ማወቅም ተገቢ ነው። ተራ ዲቫይደር ኃይል ከማከፋፈል በቀር መከላከያ የለውም። ስታቢላይዘር የቮልቴጅ መውረድና መውጣትን ያስተካክላል እንጂ የመብረቅን ቅጽበታዊ ኃይል ለማስቆም የተሠራ አይደለም። ለዚህ የተዘጋጀው የቮልቴጅ መከላከያም ቢሆን በአግባቡ የተሠራ የመሬት መስመር ከሌለ በሚገባ አይሠራም፤ ከቀጥተኛ የመብረቅ ምትም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። በመሆኑም ዕቃ ከመግዛት በፊት የቤቱን የመሬት መስመር በባለሙያ ማስፈተሽ ይቀድማል።

የተበጠሰ ሽቦ፣ ያዘነበለ ምሰሶ ወይም ተደጋጋሚ የቮልቴጅ መዛባት ያጋጠማቸው ደንበኞች ከመስመሩ ርቀው፣ ቦታውንና ሰዓቱን በመመዝገብ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በነጻ የስልክ መስመር 905 ወይም በአቅራቢያቸው ለሚገኝ የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ማሳወቅ ይችላሉ። ከቆጣሪ ውጭ ያለውን መስመር በራስ መጠገን ግን ከዕቃው አልፎ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።