ወገናችን ዳኛ ያገኘው ቺካጎ ላይ ነው



ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ያለን የዚያ ዘመን ሰዎች አንረሳውም። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ከተጫረ በኋላ፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ኤርትራዊ ትውልድ አላቸው የተባሉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከቤታቸው እየተወሰዱ፣ መታወቂያቸው እየተነጠቀ፣ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተጫኑ። ከመላ አገሪቱ እስከ 1992 ወደ 75 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወጣ። ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው፣ ዕድር ገብተው፣ ግብር ከፍለው የኖሩ ነበሩ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብን መብት አድርጎታል። ሁለቱም ከጸደቁ ገና አራት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ግን በሐምሌ 1990 በሬዲዮ፣ መንግሥት የዓይኑን ቀለም ጠልቶም ቢሆን የውጭ ዜጋን ማስወጣት ይችላል አሉ። ሰውየውን በአንድ ሌሊት የውጭ ዜጋ ያደረገው ማን ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ነው የተጫኑት።

በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተዋል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። የሔጉ የኢትዮ-ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ይህን ክርክር በከፊል ተቀብሏል፤ የሸሸግነው ነገር የለም። ያው ኮሚሽን ግን በጦርነቱ ወቅት እዚሁ አገር ውስጥ የቀሩትን ዜግነት መግፈፍ የዘፈቀደ ሥራና ከዓለም አቀፍ ሕግ ውጭ ነው ሲል ወስኗል።

ዳኛ የተገኘው ባሕር ማዶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ አንድ ወጣት አሜሪካ ጥገኝነት ጠየቀ፤ ተከለከለ። ቺካጎ የሚያስችለው ሰባተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን መለሰው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ ደግሞ ከለከለ፤ ፍርድ ቤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ መለሰው። ልብ በሉ፤ ዳኞቹ ጥገኝነት አልሰጡም። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፦ ባለሥልጣኑን "በዘሩ ምክንያት ዜግነቱን የተነጠቀ ሰው አልተሳደደም ያላችሁት በምን ሕግ ነው?" ብለው መጠየቅ። ለንደን ላይም በ2007 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መታወቂያዋን የተነጠቀች የአገራችን ልጅ ያቀረበችውን ይግባኝ ተቀብሏል። የእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ያለው እዚሁ የካ ነው፤ የእንግሊዝ ዳኛ ለማግኘት ግን ለንደን መድረስ ግድ ሆነባት።

እኛስ በራችንን ያንኳኳውን እንዴት ተቀበልነው? በአዋጅ ቁጥር 409/1996 ጥገኝነት የተከለከለ ሰው ይግባኙን የሚያቀርበው ከመሥሪያ ቤቶች ለተውጣጡ ሹማምንት ጉባኤ ነበር። ሹም የከለከለውን ሹም ያየዋል። ያ አዋጅ በ1110/2011 ተተካ፤ የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስም አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጣ። ወረቀቱ ደኅና ነው። በሰኔ 2015 ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ጭምር፣ በጅምላ ተባረሩ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎችም ድርጊቱን አወገዙ። ኢሕአዴግ ፈርሷል፤ አውቶቡሱ ግን አልቆመም።

ፓርቲያችን ከመረጣችሁት የሚያወጣው ሕግ ይህ ነው፦ ጥገኝነት የተከለከለ ወይም ከአገር ውጣ የተባለ ማንኛውም ሰው ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ፣ በሚገባው ቋንቋ ይቀበላል፤ ይግባኙን ዳኛ ይሰማል፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ዜግነትን የሚነካ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ በመንግሥት ላይ ይወድቃል። ጉዳዩ የአገር ደኅንነት ምስጢር ነው የሚል ሹም ካለ፣ ማስረጃውን ይዞ በዝግ ችሎት ዳኛው ፊት ይቅረብ።