ልጆቻችንን ከስልኩ እንረከብ

ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሳሎናችሁን ቃኙ። ልጁ የት ነው? ጠዋት በሰርቪስ ሄዶ ከሰዓት በኋላ የተመለሰው፣ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ የገባው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የት ነው?

ሶፋው ጥግ ላይ ታገኙታላችሁ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። እራት እየበላ ነው፤ የሚበላው ግን ሌላ ሰው እያጎረሰው ነው። ጉርሻው ከንፈሩን ሲነካው አፉን ይከፍታል፤ ያላምጣል፤ ይውጣል። ዓይኑ ከስልኩ አይነሳም። ምን ወጥ እንደበላ ብትጠይቁት አይነግራችሁም። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል። ልጁ ምንም አልነካም፤ ምንም አልመረጠም።

ይህ የአንድ ቤት ገመና አይደለም። ሰሚትም ጀሞም፣ የካ አባዶም ኮዬ ፈጬም፣ ባሕር ዳርም ሐዋሳም ያው ነው። የሁላችንም ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ደግሞ ማንም ብቻውን አይወጣውም። አንዷ እናት ስልኩን ብትነጥቅ ልጇ አንድ ፎቅ ወርዶ ጓደኛው ቤት ይገባል። «እነሱ ቤት እኮ ይፈቀዳል!» ይላታል። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ይህ ጥሪ ለመላው ብሎክ ነው። ለአንድ ክፍል ወላጆች በሙሉ ነው። ለእናቶች፣ ለአባቶች፣ ለአያቶች፣ ለመምህራን፣ ልጅ ለሌለውም ጎረቤት ነው። ልጆቻችንን ከስልኩ እንረከብ። አንድ ላይ ሆነን እንረከብ። ዛሬ እንጀምር።

እዚህ የደረስነው በክፋት አይደለም፤ አንወቃቀስ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ብዙ የከተማ ልጆች ትምህርታቸውን በቴሌግራም ተከታተሉ። ስልኩ ደብተር ሆነ። ሌላ ምን ምርጫ ነበር? ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን ስልኩ ከልጁ እጅ አልወጣም፤ የቤት ሥራውም እስከ ዛሬ በቴሌግራም ይመጣል። ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ይዘሉበት የነበረው ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆነ። እናትና አባት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው አምሽተው ይገባሉ። ቤት የምትውለው ሠራተኛ ራሷ ገና ልጅ እግር ናት፤ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች። ትልቁ ልጅ ዝም እንዲል ስልክ ብትሰጠው ማን ይፈርድባታል?

ግን የምንከፍለውን እንወቀው።

አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሰርቪሱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የሚመጣበት ልጅ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለበት። ከዚያ ወደ ኋላ 9 ሰዓት ቁጠሩ። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያደርሳችኋል። ይህም ዝቅተኛው ነው። የሁለት ሰዓት ዜና ሳያልቅ ልጁ ተኝቶ መሆን አለበት ማለት ነው።

የእኛ ልጆች በዚያ ሰዓት የት ናቸው? አንዱ ከቤተሰቡ ጋር በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ እያየ ነው። ሌላዋ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍና ስልክ ታበራለች። ጠዋት እያለቀሰች ትነሳለች፤ ቁርስ አይወርድላትም፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ትደፋለች። መምህሩ ሰነፍ ይላታል። ሰነፍ አይደለችም። እንቅልፍ አልጠገበችም!

ዓይናቸውም አለ። በቀን ብርሃን ውጭ የሚጫወት ልጅ ሩቅ ማየት የመቸገር ዕድሉ እንደሚቀንስ የዓይን ሐኪሞች ያውቃሉ። እኛ ልጁን ቤት ዘግተንበት፣ ስልኩን አፍንጫው ሥር አስይዘነው፣ ቆይተን መነጽር እንገዛለታለን።

ቋንቋቸውም አለ፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ቋንቋ የሚያድገው ሲጠየቅ፣ ሲመልስ፣ ሲሳሳት፣ ሲታረም ነው። ቪዲዮው ያወራል፤ መልሱን ግን አይሰማም። ከካርቱን በለቀመችው እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምታወራ፣ አያቷ «ትምህርት እንዴት ነው፣ የኔ እናት?» ሲሏት ግን አማርኛው የሚያጥራት ልጅ በየቤታችን አለች። እንግሊዝኛ ማወቋ እሰየው። ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ወላይትኛም ለሚናገር ቤት ነገሩ አንድ ነው፤ ልጅቷ አያቷን እያጣቻቸው ነው። እሳቸውም እሷን። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ የዘር ቆጠራው፣ «አንቺ ስትወለጂ…» ብሎ የሚጀምረው ወሬ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው ያለው። ሳሎን ተቀምጠዋል፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

የሚያዩትስ? ቲክቶክም፣ ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም በራሳቸው ደንብ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም። ባለቤቶቹ ራሳቸው አይሆንም ያሉትን እኛ በእናቱ አካውንት ለ7 ዓመት ልጅ እንከፍትለታለን። ስልኩ የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም። ለእናቱ የሚመጣው ሁሉ ለእሱም ይመጣል፤ ስድቡ፣ ድብድቡ፣ የጦርነቱ ቪዲዮ፣ የቁማር ማስታወቂያው። ልጁም ያየውን ሁሉ አይናገርም። ከተናገረ ስልኩን እንደሚቀሙት ያውቃላ!

ታናናሾቹን ደግሞ አትርሱ። ትልቁ በያዘው ስልክ ላይ አንገቱን የሚያሰግግ የ2 ዓመት ሕፃን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል አስታውቋል። አንድ ሰዓት! እኛ ቤት አንድ ሰዓት የምሳ ብቻ ነው።

ስልኩን ሰብራችሁ ጣሉት አልልም። ጅዳ ወይም ቤይሩት እንጀራ ፍለጋ የሄደች እናት ልጇን የምታየው በዚሁ ስልክ ነው፤ በኢሞ የወለቀ ጥርሱን ያሳያታል፣ የተማረውን መዝሙር ይዘምርላታል። እነዚያ ደቂቃዎች ለሁለቱም የተቀደሱ ናቸው፤ ማንም አይንካባቸው። ቴሌቪዥኑም ቢሆን መልካም ነገር አሳይቶን ያውቃል። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ብላ ያመጣቻትን ቀጭኔ የማያውቅ ልጅ የት አለ? አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ ጎረቤቱም ተጠራርቶ ይመጣ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ወሬው ይቀጥላል። ጅቡ ለምን ተታለለ? ጦጣዋስ ልክ ናት? ልጁ ያየውን ከሰው ጋር ያወራበታል።

የጠፋብን ይህ ነው። ዛሬ ልጁ የሚያየው ብቻውን ነው።

ስለዚህ ተነሱ፤ ከዛሬ ማታ እንጀምር።

እራት ሲቀርብ የሁሉም ስልክ ይነሳ። የሁሉም አልኩ፤ የአባትም። አባት በቀኝ እጁ እየጎረሰ በግራ አውራ ጣቱ ቲክቶክ ሲገፋ የሚያይ ልጅ «ስልክ ተው» ቢባል ምኑን ይሰማል? ስልኩን ቡፌው ላይ አስቀምጡ። ድምፁን አጥፉ። ልጁ በገዛ እጁ ይጉረስ፤ ይንጠባጠብበት፤ ልብሱ ይታጠባል። ዛሬ ትምህርት ቤት ማን እንዳሳቀው ጠይቁት። የመጀመሪያው ማታ ያለቅሳል። ሁለተኛውም ያለቅሳል። አትሸነፉ! ልቅሶው ሲያልቅ ወሬ ይጀምራል።

ልጅ በተኛበት ክፍል ስልክ አይደር። ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት አውጥታችሁ ሳሎን ስኩት። «ማንቂያ ደወል ነው» የሚል ሰበብ ካለ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ።

የሚያይበት ሰዓት ይታወቅ፤ ከምሳ በኋላ ከሆነ ከምሳ በኋላ፣ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ። ሲያይ አጠገቡ ተቀመጡ። ለአሥር ደቂቃም ቢሆን ተቀመጡ። «ይሄ ማነው? ለምን መታው?» በሉት። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን በራሱ የሚያስቀጥለውን ቁልፍ አጥፉት፤ ከራሱ ከቪዲዮው ላይ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። አንዱ ሲያልቅ ስልኩ ጸጥ ይበል። ያ ጸጥታ «በቃ» ለማለት ዕድል ይሰጣችኋል።

ቤት የምትውለውን እህታችንን አስቀምጣችሁ አነጋግሯት። ሕጉን በእሷ ላይ አትጫኑ፤ አብራችሁ አውጡት። ለልጁ የምትሰጠው ነገር አዘጋጁላት፦ ነጭ ወረቀትና ከለር፣ ብይ፣ ገበጣ፣ የሚለቀም ምስር። ከገጠር ስትመጣ ይዛው የመጣችው ተረትና ጨዋታ እኛ ከረሳነው ይበልጣል፤ ትጫወትለት። ምግቡ በግማሽ ሰዓት ቢዘገይም ታገሡ።

ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤት ካልተባበረ ግን በሳምንት ይፈርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ስለዚህ በር አንኳኩ! ነገ ከሥራ ስትመለሱ ልጃችሁ የሚያዘወትረውን ቤት በር አንኳኩና «እኛ ከ12 ሰዓት በኋላ ስልክ አቁመናል፤ እናንተስ?» በሉ። ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ እንደኖሩ ታያላችሁ። ሁለት ቤት ከተስማማ ሦስተኛው አይቸግርም። መግቢያው ከተስማማ ብሎኩ ይከተላል። ያኔ «እነሱ ቤት ይፈቀዳል» የሚባል ነገር አይኖርም።

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከውኃውና ከጥበቃው ደመወዝ ቀጥሎ ይህንን አጀንዳ ያዙ። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ግቢው የልጆች ይሁን። መኪና ያላችሁ ለዚያች ሁለት ሰዓት ከሜዳው አውጡልን። ልጆቹ ሱዚ ይዝለሉ፣ አባሮሽ ይሯሯጡ፣ ድብብቆሽ ይጫወቱ። በየተራ አንድ አዋቂ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይያቸው። የጋራ መገልገያው ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ከሆነ ይከፈት፤ ጡረታ የወጡ አባትና እናት ተረት ይንገሩበት፣ ያነበብነውን የልጆች መጽሐፍ እናስቀምጥበት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ምንጣፍና ሰው ነው የሚፈልገው።

መምህራን፣ እናንተንም እንለምናችኋለን። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራ በቴሌግራም አይምጣ። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፉት፤ ልጁ ራሱ ከሰሌዳ ገልብጦ ይምጣ። መገልበጡም ትምህርት ነው። ለቤት ሥራ ተብሎ የተከፈተ ስልክ በቤት ሥራ እንደማይዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። ወላጆችም በክፍላችሁ ግሩፕ ውስጥ ይህንኑ ጻፉ። አንድ ወላጅ ሲጽፍ ቅሬታ ይባላል፤ ሠላሳ ወላጅ ሲጽፍ ትምህርት ቤቱ ይሰማል።

ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ቪዲዮ የምትሠሩ ወጣቶች፣ እናንተ ደግሞ ሥሩልን። ልጆቻችን በገዛ ቋንቋቸው የሚስቁበት፣ ራሳቸውን የሚያዩበት፣ አልቆ የሚያበቃ ፕሮግራም ስጡን። አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም. አረፉ፤ ወንበራቸው እስከ ዛሬ ተተኪ ይጠብቃል።

አያቶች፣ አትጠብቁ። ልጁ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ጥሩትና ከጎናችሁ አስቀምጡት። «እንቆቅልህ» በሉት። «ምን አውቅልህ» ማለት ካላወቀ አስተምሩት፤ አገር ስጠኝ በሉት፤ አገር ይስጣችሁ።

ልጅ ለልጅነቱ ሁለት ዕድል የለውም። የ7 ዓመቱ ልጅ ዘንድሮ ብቻ ነው 7 ዓመቱ። የሚቀጥለው ዓመት አይጠብቀንም፤ ክረምቱም አይጠብቀንም፤ ፈተናው እስኪያልቅ፣ ሥራ እስኪቀል፣ ቤት እስኪሰፋ አንጠብቅ።

ዛሬ ማታ ስልኩን ቡፌው ላይ አስቀምጡ። ነገ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ውረዱ፤ ኳስ ያላችሁ ኳስ፣ ገመድ ያላችሁ ገመድ ይዛችሁ ኑ።