ሎሚውን አትጣሉት!

ኧረ ጎበዝ፣ ይሄ ሎሚ መጣል ይብቃ! ጥምቀት ላይ ለቆንጆ የሚወረወረውን አላልንም፤ እሱ ወግ ነው። የምናወራው እዚህ በዲሲና በአካባቢዋ ያለው ሐበሻ በሚያዝያ ከነመትከያው ገዝቶ በረንዳ ላይ ስለሚያቆመው፣ ሰኔና ሐምሌን ለእንግዳ ሁሉ እያሳየ ስለሚኮራበት፣ የካቲት ሲገባ ግን «በቃ ሞተ» ብሎ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ስለሚጥለው የሎሚ ዛፍ ነው። አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር፦ ቅጠሉ ረገፈ ተብሎ ሎሚ አይጣልም። ቅጠል ማርገፍና መሞት ለየቅል ናቸው።

ነገሩ የሚበላሸው ከቃሉ ጀምሮ ይመስለናል። አገር ቤት ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የበቆሎ እሸት። የፈረንጁንም ዊንተር ያው «ክረምት» ብለን ጠራነውና ተገላገልን። ሎሚው ግን አልተገላገለም። ለእሱ የፈረንጅ ክረምት ማለት ከሁሉ በፊት የብርሃን ረሃብ ነው። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ዋሽንግተን 9 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ያቺም ፀሐይ ብትሆን ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ብርሃን ያነሰው ዛፍ እድገቱን ይቀንሳል፤ እድገቱን የቀነሰ ደግሞ ብዙ አይጠጣም። ብዙ ሰው ግን በሐምሌ እንዳጠጣው በታኅሣሥም ያጠጣዋል። አፈሩ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱም «ውይ፣ ጠምቶታል!» ብሎ ሌላ ጆግ ይጨምርለታል። እንዲህ ያለውን ሎሚ ብርድ ገደለው ማለት በብርድ ላይ ማሳበብ ነው።

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ያህል አስገቡ። ርጥበት ካለ ተዉት። ከደረቀ ከሥር እስኪወጣ አጠጡትና ከታች ያለውን ሰሃን ድፉ። «በየስንት ቀኑ?» ለሚለን ሰው መልስ የለንም፤ የክፍሉ ሙቀትና የመትከያው ስፋት ይወስነዋል።

ወደ ሳሎኑ እንምጣ። እማማ ሎሚው እንዳይበርደው ብለው ማሞቂያው አጠገብ ያደርጉታል። እንግዲህ እማማን ማን ይቆጣል? ግን ከማሞቂያው የሚወጣው ደረቅ አየር ቅጠሉን ያደርቀዋል፤ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባይም የሚወደው ይህንኑ ድርቀት ነው። በሌላ በኩል መትከያውን የሚቀዘቅዝ ወለል ላይ አድርጎ ቅጠሉን ለመስኮት ፀሐይ መስጠትም ጣጣ አለው። አፈሩ ከ13 ዲግሪ (55 ፋራናይት) በታች ሲሆን ሥሩ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል ውኃ ይጠይቃል፣ ሥሩ አይመልስም፣ ዛፉም ራሱን ለማዳን ቅጠሉን ያራግፋል። ስለዚህ መትከያውን ከወለሉ በእንጨት ከፍ አድርጉት።

የሚስማማው ቀዝቀዝ ያለና ብርሃን የሞላበት ክፍል ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ለብርቱካንና ለሎሚ ዛፎቹ ከ1684 እስከ 1686 እ.ኤ.አ. ያሠራው አዳራሽ ግድግዳው ወፍራም፣ ትላልቅ መስኮቶቹ ወደ ደቡብ የዞሩ ናቸው። ዛፎቹ እስከ ዛሬ ክረምቱን እዚያው ያሳልፉና ሲሞቅ ወደ ውጭ ይወጣሉ።

«እኛ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን ቬርሳይን ታወሩልናላችሁ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት፣ ከማሞቂያው ራቅ ያለ ቦታ፣ ካልሆነም ለተክል የሚሆን የኤልኢዲ መብራት ይበቃል። ማስገቢያው ጊዜ ደግሞ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ 10 ዲግሪ (50 ፋራናይት) ሲወርድ ነው፤ እዚህ አካባቢ ጥቅምት መሆኑ ነው። ሳታስገቡት የቅጠሉን ጀርባ እዩ፤ ቅርፊት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበትና ቅጠሉ የሚያጣብቅ ከሆነ ተባይ ነውና በለስላሳ የሳሙና ውኃ ጥረጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። እዚህ ሱቅ በመትከያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ «ሜየር» የሚባለው ነው፤ ፍራንክ ሜየር የተባለ ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. ከቻይና ወደ አሜሪካ ያመጣው። ከሌላው ሎሚ ይልቅ ብርድ ይችላል። ትንሿ የአገር ቤት ሎሚ ግን ፈረንጁ «ላይም» የሚላት ናትና ብርድ ጨርሶ አትችልም። ከፍሬዋ ዘር ያበቀላችሁ ሰዎች ከሁሉ ቀድማችሁ አስገቡ። (ችግኝ ከአገር ቤት በሻንጣ ለማምጣት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ክልክል ነው፤ የሎሚና የብርቱካን በሽታ ስለሚፈሩ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል።)

አሁን የካቲት ነው እንበል፤ ዛፉ ራቁቱን ቆሟል። ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከላዩ ቅርፊት ሥር አረንጓዴ ካያችሁ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ግንዱ ላይ ሞክሩ። አረንጓዴ ካገኛችሁ ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ መትከያ አትቀይሩ፣ ውኃውንም ከበፊቱ ቀንሱ፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ የሚጠጣበት የለውምና። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ሲያቆጠቁጥም ከየት እንደሆነ እዩ። በተዳቀለ ሎሚ ላይ ከድቃዩ በታች የሚወጣው፣ በተለይ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ የሎሚው ሳይሆን የሥሩ ዛፍ ነውና ቁረጡት።

«ምን አደከማችሁ፣ ሌላ መግዛት አይቀልም?» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ለገዛ ሰው ይቀል ይሆናል። ከዘር ያሳደገ ሰው ግን ፍሬ ለማየት ዓመታት ይጠብቃል፤ የአምስት ዓመት ዛፍ ከየትኛው ሱቅ ይገዛል? ለገዛውም ቢሆን በየዓመቱ ገዝቶ በየዓመቱ መጣል ሎሚ መትከል መባሉ አይገባንም፤ ኪራይ ነው።

ውርጭ አልፎ ሌሊቱ ሲሞቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ቤት የከረመ ቅጠል ይቃጠላል። መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ በረንዳው ቦታው።