የተናቀ ውስኪ ብርቅ ሲሆን

ነጋዴን ያልተሸጠ ዕቃ ያስፈራዋል። መጋዘን ይዞ፣ ገንዘብ አስሮ፣ ወለድ እያስቆጠረ ስለሚቀመጥ ገና ሳይሸጥ እንደ ኪሳራ ይታያል። በአሜሪካ የቡርቦን ውስኪ ገበያ ግን ትናንት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ዕቃ ዛሬ ከአዲሱ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይፈለጋል። ከ40 እና ከ50 ዓመት በፊት የታሸገ ቡርቦን ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ፣ ያገኙትንም ከፍተው የሚያጣጥሙ ወይም አትርፈው የሚሸጡ ሰዎች ራሱን የቻለ ገበያ ፈጥረዋል። ገበያው ለእኛ አገር ነጋዴና ደላላ ሩቅ ቢመስልም፣ ብርቅ ነገር ከየት እንደሚመጣ ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ሊጤን ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። በአሜሪካ ሕግ ቡርቦን የሚባለው ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ካለበት እህል ተጠንስሶ የሚወጣና ውስጡ በእሳት በጠቆረ አዲስ የኦክ እንጨት ዕቃ የሚቀመጥ ውስኪ ነው። የአገሪቱ ኮንግረስ በ1964 የአሜሪካ ልዩ ምርት ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ ዋናው መናኸሪያው የኬንታኪ ክፍለ ግዛት ነው። ለነጋዴ ቁም ነገሩ ጊዜው ነው። ዛሬ በርሜል የሚገባው ውስኪ ገበያ የሚወጣው ከ4፣ ከ6 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ አምራቹ ስንት በርሜል እንደሚሞላ የሚወስነው ገና ያልታየ ፍላጎትን ገምቶ ነው። ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑም የሚታወቀው በርሜሎቹ ሲደርሱ ብቻ ነው።

በ1970ዎቹ የሆነው ይኸው ነው። ወጣቱ ጠጪ ፊቱን ወደ ቮድካና ወደ ቀለል ያሉ መጠጦች አዞረ። ቡርቦን የአባቶች መጠጥ ተባለ። መጋዘኖቹ ግን ፍላጎቱ ከፍ ባለበት ዘመን በተሞሉ በርሜሎች ተጨናንቀው ነበር። አንዳንዱ ፋብሪካ ተዘጋ፤ አንዳንዱም ተሸጠ። ቸርቻሪውም አልሄድ ያለውን ጠርሙስ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ጥግ ገፍቶ ረሳው። ኋላ የመጡት ጠርሙስ አዳኞች ያገኙት ይህንን ነበር፤ አቧራ ለብሶ፣ ብዙ ጊዜም የድሮ ዋጋው እንደተለጠፈበት።

ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። በ1935 በሉዊቪል ከተማ አጠገብ የተከፈተው የስቲትዘል ዌለር ፋብሪካ ከበቆሎው ጋር በራይ ፋንታ ስንዴ እየጨመረ ለስለስ ያለ ቡርቦን በማውጣት ይታወቅ ነበር። ባለቤቶቹ በ1972 ሸጡት፤ በ1992ም ማምረት አቆመ። ዛሬ የዚያ ዘመን የኦልድ ፊትዝጄራልድ ጠርሙሶች አጥብቀው ከሚፈለጉት ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው በ1974 በፔንሲልቫኒያ ሼፈርስታውን አዶልፍ ሂርሽ ለተባለ ሰው የተመረተው 400 ያህል በርሜል ነው። ከዓመታት ቆይታ በኋላ «ኤ ኤች ሂርሽ» ተብሎ የታሸገ ሲሆን፣ ፋብሪካው በ1990 ተዘግቷል። ቻርልስ ካውደሪ የተባለው የቡርቦን ጸሐፊ ስለዚህ አንድ ውስኪ ብቻ መጽሐፍ ጽፏል፤ ርዕሱም «ፈጽሞ የማትቀምሰው ምርጡ ቡርቦን» እንደ ማለት ነው።

አዳኙ የሚያተርፈው በዕድል ሳይሆን በመረጃ ነው። በክዳኑ ላይ የቀረጥ ቴምብር የተለጠፈበት ጠርሙስ ቴምብሩ ከቀረበት ከ1985 በፊት የታሸገ መሆኑን ያውቃል። ልኩ በሚሊ ሊትር ሳይሆን በፓይንት ወይም በኳርት ከተጻፈ ዘመኑ ከ1980 ወዲህ አይሆንም። የመንግሥት የጤና ማስጠንቀቂያ ከሌለበት ከ1989 በፊት የነበረ ነው። በ1897 በወጣው ሕግ መሠረት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ቆይቶ የታሸገ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴው ቴምብር የተመረተበትንና የታሸገበትን ወቅት ጭምር ይናገራል። ሱቁ ይህን አያውቅም፤ ገዢው ያውቃል። የትርፉ ምንጭ ይህ ልዩነት ነው።

ጣዕሙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውስኪ እንደ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ አይበስልም። የ8 ዓመት ውስኪ 40 ዓመት ታሽጎ ቢቀመጥ ያው የ8 ዓመት ውስኪ ነው። ይሁንና የቀመሱት ከዛሬው የተለየ መሆኑን ይመሰክራሉ፤ የተቃጠለ ስኳር፣ የዘቢብ፣ የትምባሆና የቆዳ ሽታ ያለው፣ በአፍ ውስጥ ወፈር ብሎ የሚቆይ ነው ይላሉ። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ እስከ 1962 ድረስ ወደ በርሜል የሚገባው ውስኪ የአልኮል መጠን ከ55 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ በዚያ ዓመት ጣሪያው ወደ 62.5 በመቶ ከፍ ብሏል። አንዳንዱ ጠርሙስ ግን ቡሹ ደርቆ ተሰባብሮ፣ ውስኪው ተንኖ ጎድሎ ወይም ሽታው ተበላሽቶ ይገኛል። ደህናው ከተበላሸው የሚለየው ሲከፈት ብቻ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ደግሞ እንደገና አይሸጥም። እንግዲህ ጥራቱን መፈተን ራሱን ሀብቱን ማጥፋት የሆነበት ንብረት ነው። ባዶ ጠርሙስ ገዝተው ርካሽ ውስኪ እየሞሉ የሚሸጡ አታላዮች የተደላደሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለዚህ መድኃኒቱ ገበያውን ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። በአሜሪካ ያለ ፈቃድ መጠጥ መሸጥ በአብዛኛው የተከለከለ በመሆኑ የድሮ ጠርሙስ ንግድ በጓዳ ሲካሄድ ኖሯል። የኬንታኪ ምክር ቤት በ2017 ባወጣውና በጥር 2018 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ግን ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ያልተከፈተ የድሮ ጠርሙስ ከግለሰብ ገዝተው በጠርሙስም በመለኪያም እንዲሸጡ ፈቅዷል። በእኔ እምነት የሕጉ ትልቁ ጥቅም መለኪያው ነው። ሙሉ ጠርሙስ የመግዛት አቅም የሌለው ይቀምሳል፤ ጠርሙሱም በሰው ፊት ተከፍቶ ይመሰከርለታል ወይም ይመሰከርበታል። ፎርጅድ ቢሆን የሚጠየቅ ባለፈቃድ አለ።

አሳሳቢው ነገር ሌላ ነው። የድሮው ጠርሙስ ዋጋ ሲሰቀል ያዩ ኩባንያዎች አዲሱን ምርት «ውስን» እያሉ ያቀርባሉ፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ይገዛና ሳይከፍት ያስቀምጣል። ነገ እንደ ሂርሽ ይሆንልኛል የሚል ተስፋ ነው። ሆኖም የድሮው ብርቅ የሆነው ማንም ስላላስቀመጠው ነው። በርካሽ ተገዝቶ ተጠጣ፤ የተረፈው የተረሳው ብቻ ነው። ሁሉም የሚያስቀምጠው ዕቃ ከቶ ብርቅ ሊሆን አይችልም። ክምችቱም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በኬንታኪ መጋዘኖች ከ14 ሚሊዮን በላይ በርሜል ተቀምጧል፤ ይህም ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ በነፍስ ወከፍ ከ3 በርሜል በላይ ይደርሳል። ጂም ቢም የተባለው ግዙፍ ኩባንያም በክሌርሞንት ባለው ዋና ፋብሪካው በ2026 ውስኪ ማውጣት እንደሚያቆም በ2025 መጨረሻ አስታውቋል። የ1970ዎቹ ታሪክ እየተደገመ ይመስላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በዋሽንግተንና በአካባቢው ሊከር ስቶር የያዙ ወገኖቻችን የታችኛውን መደርደሪያ ሳይመረምሩ ለመጣ ሁሉ በተለጠፈው ዋጋ ባይሸጡ ይበጃቸዋል። ጠርሙስ ገዝቶ አተርፋለሁ የሚል ደግሞ የቀረጥ ቴምብሩን፣ የውስኪውን ከፍታና የሻጩን ፈቃድ ሳያይ ገንዘቡን አያውጣ። «ውስን» የተባለውን አዲስ ጠርሙስ ቆልፎ ዋጋውን መጠበቅ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። እርሱን ከፍቶ ከወዳጅ ጋር መጠጣት ይሻላል። ትርፍ የሚፈልግ ካፒታል ዛሬ ሰው ሁሉ የተሰለፈበትን ትቶ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ዕቃ ይመርምር።