ለቡ ላይ የሚሸጠው ቤት ነው ወይስ ወረቀት?

በዚህች ከተማ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። ሴራሚኩን በእጁ ይዳብሳል፤ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ ይዘጋል፤ በረንዳው ላይ ወጥቶ እስከ ፉሪ ተራራ ድረስ ያማትራል። ደላላውም ከኋላው እየተከተለ «አየሩን አየኸው? እንዲህ ያለ አየር ቦሌ ታገኛለህ?» ይለዋል። እኔ ግን እላለሁ፦ ወገኔ ሆይ፣ አየሩን ተወውና «ወረቀቱን አምጣ» በል! አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ የሚከፈለው ለወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚሰጠውም የሚነሣውም አንድ አካል ነው፤ እሱም መንግሥት ነው።

ነገሩን ከሜዳ አላመጣሁትም። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ፤ ለቡ ላይ ቪላ መግዛት ቀርቶ የአጥሩን ድንጋይ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ነገር ግን ከአሜሪካ የመጣ የአክስቴ ልጅ «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? አብረኸኝ ዙር» ብሎኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ንፋስ ስልክ ላፍቶን ስናስስ ከረምን። ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ፣ ከላፍቶ ወደ ለቡ፣ ከለቡ ወደ ጀሞና ሀና ማርያም።

ያየነውን ልንገራችሁ። ለቡ ትናንት የገበሬ ማሳ ነበረች። ዛሬ የሚታየው ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ፣ ዘበኛ የቆመበት በር፣ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተዘረጋበት ግቢ ነው። የቀድሞዎቹ ባለጸጎች ኦልድ ኤርፖርትንና ቦሌን እንደመረጡ ሁሉ፣ ያሁኖቹ ነጋዴዎችና ዲያስፖራዎች ለቡን ይመርጣሉ። ጸጥ ያለ ነው፤ ልጅ የሚሮጥበት ግቢ አለው፤ ቀለበት መንገዱም ሩቅ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ጣጣው የሚመጣው «እስቲ ሰነዱን» ሲባል ነው።

የመጀመሪያው ቤት ነባር ይዞታ ነው፣ ካርታ አለው ተባልን። ሁለተኛው ሊዝ ነው፤ የሊዙ ክፍያ ግን ገና አላለቀም። ሦስተኛው የማኅበር ቤት ነው። የአራተኛው ባለቤት ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጠው ወንድሙ በውክልና ነው። ውክልናው ያለመሻሩን ማን ይንገረን? አምስተኛው «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ከስንት ዓመት ጀምሮ ብለን ብንጠይቅ ደላላው ሳቀ! ስድስተኛው እንደ ነገሩ የጨረቃ ቤት ነበር፤ በሌሊት የተሠራ፣ ዛሬ ግን ቀለም ተቀብቶ፣ በር ተገጥሞለት ከባለ ካርታዎቹ ጋር ጎን ለጎን የቆመ። ሁሉም ግንብ ናቸው፤ ሁሉም ያምራሉ። ዋጋቸውን የሚለያየው መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው።

እናጣራ ብለን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልን። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ «ባለይዞታው ራሱ ካልመጣ መረጃ አንሰጥም» አለን። ሻጩን ብንጠይቀው ደግሞ «እኔን ካላመናችሁ ተዉት» ብሎ ተቆጣ። እንግዲህ ልብ በሉ! ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያፈስበት ቤት ዕዳ ይኑርበት፣ እገዳ ይኑርበት የሚሰማው ከሻጩ አፍ ነው። ካልሆነም «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ በጎን በኩል ጠጋ ይላል፤ እጁ ላይ ትንሽ ነገር ጣል ሲደረግለት ማታውኑ መረጃውን ይዞ ይመጣል። መዝገቡ በፊት ለፊት በር ሲዘጋ በጓሮ በር ይሸጣል ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ እዚህ ላይ እንዴት ደረስን? ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ መያዝም ተከለከለ። ደርግ ወደቀ፤ መሬቱ ግን ከመንግሥት እጅ አልወደቀም። ኢሕአዴግ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ሊዝን አመጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ተብሎ ተጻፈ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከዚያም አልፎ ሄደ፤ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ለመኖሪያ ቤት የተሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ስለዚህ እኔ በወር የምከፍል ተከራይ ነኝ፤ ባለ ቪላው ደግሞ የ99 ዓመት ተከራይ ነው። ልዩነታችን ይኸው ነው!

መሬት በመንግሥት እጅ ይቆይ የሚሉ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። ገበሬው በችግር ተገፍቶ መሬቱን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው ይላሉ። ምክንያቱን አልንቀውም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ገበሬ መሬቱን ሳይሸጥም ባዶ እጁን ቀርቷል፤ ካሳ ተብሎ ጥቂት ተሰጠውና ተነሣ፣ ማሳው በሊዝ ለሌላው ተላለፈ። በ2006 ዓ.ም. በማስተር ፕላኑ የተነሣው ተቃውሞ፣ የፈሰሰውም ደም የዚሁ ቁጣ ውጤት ነበር። ፕላኑ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ ተባለ።

በዚያው ዓመት፣ በሰኔ ወር ማለቂያ፣ ከለቡ ብዙ ሳይርቅ በዚሁ ክፍለ ከተማ ሀና ማርያም አካባቢ ዶዘር ገባ። ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ክረምት መግቢያ ላይ ፈረሱ። በግርግሩ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሞቱት መካከል የመንግሥት ሰዎችም ነበሩበት። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረትም በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ቤት ፈረሰ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቤቱ ሲሠራ የወረዳው ሹም የት ነበር? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን አያውቀውም? ወይስ ያኔ ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት መመሪያ ሆኖ ከሆነ ይነገረን!

ባለ ካርታውም «እኔን አይነካኝም» ብሎ አይተኛ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ከፒያሳና ከካዛንችስ የተነሡት ሰዎች ሁሉም ሕገ ወጥ አልነበሩም።

«እሺ፣ ከአልሚ ልግዛ» የሚልም አለ። አክሰስ ሪል ስቴትን እናስታውስ። ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን ቀድመው ከፍለው ቤቱን ሳያዩ ለዓመታት ተንከራተቱ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! የሪል ስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ የጸደቀው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። «መንግሥት ከሚሠራው ኮንዶሚኒየም ይሻላል» ያለ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣውን ዕጣ ያስታውስ። 25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ መረጃው ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። ዓመታት ቆጥቦ የጠበቀው ሕዝብ ደስታውና ሐዘኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆነ።

መንገዱንም አንርሳ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋለት፤ ከዚያ ውስጥ ጀሞም ለቡም የሚደርስ አንድ ክንድ የለም። የሚያስቀው ግን ለቡ ባቡር ጣቢያ አላት! ሐዲዱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ጅቡቲ ይገባል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ግን አይደርስም። ባለ ቪላው በመኪናው ጀርመን አደባባይ ላይ ቆሞ ቤንዚኑን ያቃጥላል፤ የሱን ግቢ የሚጠርገው ሰው ጀሞ ላይ ታክሲ ተሰልፎ ፀሐይ ይወጣበታል።

እንግዲህ ቤት የምትመርጡ ወገኖቼ፣ ከቀለሙ በፊት ይህን አድርጉ። ባለይዞታውን በአካል መሬት አስተዳደር ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርታው ከማኅደሩ ጋር ይመሳከር። ዕዳና እገዳ ይጣራ። የሊዙ ቀሪ ክፍያ በጽሑፍ ይምጣ። ውክልና ከሆነ ለመሸጥ ሥልጣን መስጠቱና ያለመሻሩ ውልና ማስረጃ ይታይ። ቀብድ ከዚህ በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሲጠይቅ ከስድስቱ ሻጮች አራቱ ስልክ ማንሣት ተዉ። መልሱ ይኸው ነበር።

ለመንግሥት የምለው ደግሞ አጭር ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ከወጣ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጠራል። መዝገቡን ክፈቱት! ማንኛውም ዜጋ የአገልግሎት ክፍያ ከፍሎ አንድ ቦታ የማን እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት በዕለቱ ይወቅ። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጋ 150 ሺህ ዶላር ይዞ ከመጣ ቤት እንዲገዛ ሕግ አወጣችሁ። ለባዕድ በሩ ከተከፈተ፣ ለባለአገሩ መዝገቡ የሚዘጋበት ምክንያት ምንድን ነው? የተዘጋ መዝገብ የሚጠቅመው ደላላንና ጉቦኛን ብቻ ነው፤ ከእነሱ ጋር ካልተወዳጃችሁ በስተቀር ዛሬውኑ ክፈቱት!