የባንኩ ካርድ ሲሻገር የክሊኒኩ ለምን ይቀራል?

ከቦሌ አንስቶ በገርጂና በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት ድረስ የግል ክሊኒክና ሆስፒታል ብዙ ባለሀብት ገንዘቡን የሚያፈስበት መስክ ሆኗል። ብዙዎቹም የወረቀት ካርዱን በኮምፒውተር እየተኩ ነው። መልካም ነው። ይሁንና ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን ግቢ ብቻ ነው። ገርጂ የታከመ ሕመምተኛ ቦሌ ሲሄድ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ ደሙን እንደገና ይሰጣል፤ ራጅ እንደገና ይነሳል። ሁለት ጊዜ የሚከፍለው እሱ ነው። አገሪቱም በውጭ ምንዛሪ ያስገባችውን የላቦራቶሪ ኬሚካል ሁለት ጊዜ ታፈሳለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በአንዱ ክሊኒክ ተጽፎ ሳለ ሌላው ሳያውቅ ሲወጋው ነው።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አደረገ። ኋላም መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለ ሥርዓት በመላ አገሪቱ ዘረጋ። ሥርዓቱ ግን በዋነኛነት ድምር ቆጣሪ ነው። በወሩ ስንት ሰው በወባ እንደታመመ ለሚኒስቴሩ ይነግራል እንጂ፣ ሐኪሙ ፊት ለተቀመጠው ሰው ባለፈው ወር ምን እንደታዘዘለት አይናገርም።

መፍትሔውን ነጋዴው ከኪሱ ያውቀዋል። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም የማይሠራበት ጊዜ ነበር። ባንኮች ደንበኛ ይሸሸናል ሳይሉ ከብሔራዊ ባንክ ጋር ኢትስዊችን መሠረቱ፤ ካርዱም ተሻገረ። ፉክክሩ በአገልግሎት ሆነ እንጂ አልቀረም።

የጤና ባለሀብቶችም ይህንኑ ያድርጉ። መዝገብ ይዞ መቅረት ደንበኛ ማቆየት አይደለም፤ ደንበኛን የሚያቆየው ጥሩ ሐኪም ነው።

ምስጢር ይወጣል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። ስለዚህ መዝገቡ በሕመምተኛው ፈቃድ ብቻ ይከፈት፤ ማን መቼ እንዳየውም ይመዝገብ። ለመለያ ቁጥርም ፋይዳ አለ።

እስከዚያው ሶፍትዌር ለመግዛት ያሰበ ባለሀብት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መዝገቡ ወደ ሌላ ክሊኒክ ይሻገራል? አይሻገርም ከተባለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ውድ ነው።