ጋዙ የት ሄደ?

በአዲስ አበባ የሰፈር መንገዶች ላይ ከቆሙት የመብራት ምሰሶዎች ብዙዎቹ፣ ከሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ጎን፣ «ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ስቶቭ ቤት ድረስ መጥተን እንጠግናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ስልክ ቁጥር እንጂ ስም አይገኝበትም። ጠዋት ተነሥታ ፍሪጇ ሞቆ፣ ወተቱ ተበላሽቶ ያገኘች እመቤት ወይ ቁጥሩን ከዚያ ወረቀት ትገለብጣለች፣ ወይ ጎረቤቷን ታማክራለች፤ ጎረቤትም «አንድ ልጅ አለ» ማለቷ አይቀርም። ልጁ ይመጣል። በሩን ከፍቶ እጁን ያስገባል፣ ከኋላ ሞተሩን ይዳስሳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላም ፍርዱን ይሰጣል፦ «እትዬ፣ ጋዙ አልቋል።»

የፍሪጅ ጋዝ ግን አያልቅም። እንደ ምድጃ ቡታጋዝ እየነደደ የሚጠፋ ነገር አይደለም። በታሸገ ቧንቧ ውስጥ የሚዘዋወር፣ ሙቀትን ከውስጥ ለቅሞ ከኋላ ባለው ፍርግርግ ላይ የሚያራግፍ፣ ተመልሶም ያንኑ የሚደግም ነው። ቧንቧው እስካልተበሳ ድረስ ፍሪጁ ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ጋዝ ዕድሜውን ሙሉ ይሠራል። እንግዲህ ጋዙ ጎድሎ ከተገኘ አፈትልኳል ማለት ነው፤ ያፈተለከበትን ቀዳዳ ሳይፈልጉ አዲስ መሙላትም በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ በሳምንት፣ ጠባብ ከሆነ በወራት፣ ያው ልጅ ያንኑ ጋዝ ለዚያችው ቤት እንደገና ይሸጣል።

ከዚህም የሚብሰው፣ ብዙ ጊዜ ጋዙ ጨርሶ አለመነካቱ ነው። መብራቱ በሚዋዥቅበት ከተማ ቀድሞ የሚቃጠለው ሞተሩን የሚያስነሣው ሪሌ ነው፤ በእፍኝ የምትያዝ ዕቃ ናት። ቴርሞስታቱ ይሞታል። የበሩ ጎማ ይላላል። ፍርግርጉ በኩሽና ቅባትና በአቧራ ይታፈናል፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ብሩሽ ብቻ ነው። በረዶ አይሠራም በሚባለው ዓይነት ፍሪጅ ደግሞ፣ ላይኛው ክፍል እያቀዘቀዘ የታችኛው ቢሞቅ፣ ብዙውን ጊዜ የአየር መተላለፊያው በበረዶ ተደፍኗል ወይም ማራገቢያው ቆሟል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን መፈታት፣ መለካት፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ አይበቃም።

ልጁን ሌባ ብሎ መገላገል ቀላል ነው፤ አንዳንዱም በእርግጥ ሌባ ነው። ነገር ግን «ጋዙ አልቋል» የምትለውን ቃል ያስተማረው ማነው? ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ገና በሽታው ሳይታወቅ የካርድ ይከፍላል፤ «ጤነኛ ነህ» ተብሎ ቢመለስም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ገንዘቤን መልሱ አይልም። ያው ሰው ግን ፍሪጅ ሠሪው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈትሾ «ምንም አልሆነም፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጉትና አቧራውን ጥረጉ» ቢለው፣ «ታዲያ ምን ሠራህ?» ብሎ የታክሲ ብቻ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ጋዝ ሞላሁ ላለው ግን፣ ተከራክሮም ቢሆን፣ ይከፍላል። ዕውቀት ዋጋ በማያወጣበት ደጃፍ እውነት የተናገረ ባለሙያ ጦሙን ያድራል፤ ጋዝ የሸጠው ይበላል። እንዲህ ያለው ንግድ በአንድ ወገን ብቻ አልቆመም፤ እመቤቲቱም ባለቤቷም ማገር ሆነውለታል።

ልክ ነው፣ በእውነት ያፈተለከበት ፍሪጅ አለ። የዚያም ሥራ ወግ አለው፤ ቀዳዳው በግፊትና በሳሙና አረፋ ይፈለጋል፣ ይበየዳል፣ ፊልተሩ ይለወጣል፣ በቧንቧው የቀረው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ጋዙ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ በሚዛን ተለክቶ ነው። እርጥበት ከቀረ በቀጭኗ ቧንቧ አፍ ላይ ረግቶ በረዶ ይሆንና መንገዱን ይዘጋል። ዓይነቱም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት፣ ኦዞንን የሚጎዳው አር-12 በታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2010 እንዲቀር ተደረገ። የተተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ረገድ፣ ክብደት ለክብደት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ የከፋ ሆነ፤ እርሱም እንዲቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016፣ እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኪጋሊ ተወሰነ። ዛሬ የሚገዙት አዳዲስ ፍሪጆች ብዙዎቹ የያዙት አር-600ኤ የተባለውን አይሶቡቴን ነው፤ የቡታጋዝ ዘመድ ነውና እሳት ይይዛል፣ መጠኑም በጥቂት አሥር ግራሞች የሚቆጠር ነው። በእጁ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ብቻ የያዘ፣ ሚዛን የሌለው ሰው ይህን በምን ይለየዋል? የጋዙ ስምና ግራም ከፍሪጁ ጋር በተለጠፈችው ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል፤ አጎንብሶ የሚያነባት ግን ጥቂት ነው።

«ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ድሃ ለፍተሻ ከየት አምጥቶ ይክፈል?» የሚል አይጠፋም። በዓመት ሦስት ጊዜ ጋዝ የሚገዛው እኮ ድሃው ነው፤ ሀብታሙ ፍሪጁን ይለውጣል። ፍሪጅ ቅንጦት ነው የሚለው ወሬም ጊዜው አልፎበታል። ስኳር ያለባት እናት ያልተከፈተ ኢንሱሊኗን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ማቆየት አለባት፤ በሞቀ ፍሪጅ የሰነበተ መድኃኒት ኃይሉ ቢደክም በዓይን ታይቶ አይታወቅም። ለእርሷ ቤት «አንድ ልጅ አለ» የሚለው ምክር በቂ አይደለም። ሙያውን በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የተማሩ፣ የብቃት ምዘናውንም ያለፉ ወጣቶች አሉ፤ መሥሪያ ቤት ሲቀጥራቸው ወረቀታቸውን ይጠይቃል፣ በቤት ደጃፍ ግን የሚጠየቀው ዋጋ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጁ ቦርሳውን ሳይከፍት «ጋዙ አልቋል» ሲል እመቤቲቱ «የት ሄደ?» ብላ ትጠይቀው። ቀዳዳውን ላሳይሽ ብሎ አረፋውን የሚያዘጋጅ ይቆይ። «እትዬ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት» የሚለው ይሸኝ። ለቆየውም ፍሪጁ በዚያ ቀን ባይነሣ እንኳ፣ የፈተሸበት ሰዓት ያለ ክርክር ይከፈለው።